በሩ ለማን ተከፈተ?

ስለ ሳዑዲ ዓረቢያ፥ ስለ ጐብኚዎችዋና ስለ እኛ ሰዎች በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር



የውይይት ክፍሉ ኮሚቴ ስለ ጉዞና ስለ ፖለቲካ ለውጥ ንግግር እንዳደርግ ሲያዝዘኝ፥ ስለ አንድ ሩቅ አገር፥ ምናልባት ስለ ቡታን ወይም ስለ አልባንያ፥ እንድናገር ይጠብቅ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ብቻ የሚርቀውን፥ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያልሄደበት ሰው በማይገኝበት አገር ላይ ለመናገር መረጥሁ። ይኸውም ሳዑዲ ዓረቢያ ነው። ስለዚህ አገር ብዙ እንሰማለን፤ ነገር ግን የምንሰማው ከሁለት ወገን የሚመጣ ነው። በአንድ ወገን ማስታወቂያው አለ፤ በረሓው፥ ቀዩ ድንጋይ፥ የባሕሩ ዳር፥ ኳስ ተጫዋቹ፥ ዘፋኙ። በሌላው ወገን ደግሞ ከቦሌ አይሮፕላን ጣቢያ ዕቃዋን በአንድ ፌስታል ይዛ የምትወጣው ልጅ የምትነግረን አለ። ሁለቱ ስለ አንድ አገር የሚናገሩ አይመስሉም። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጌ ለማየት እሞክራለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሳዑዲ ዓረቢያ «ተዘግታ የኖረች አገር» ስትባል እንሰማለን። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ሳዑድ በ1932 መንግሥቱን ሲያውጅ የግምጃ ቤቱ ዋና ገቢ ከእንግዶች የሚሰበሰብ ነበር፤ ይኸውም ከሐጅ ተጓዦች ነው። ነዳጅ ዘይት በዳማም በሰባተኛው ጕድጓድ የተገኘው በ1938 ነው፤ ከዚያ በፊት የተጓዡ ቍጥር ባነሰ ዓመት ቤተ መንግሥቱም አብሮ ይቸገር ነበር። እንግዲህ እንግዳ መቀበል ለዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ሊጸልይም ሊሠራም ሳይሆን ለማየት ብቻ የሚመጣው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በድሮ ጊዜ የሚገባው ወይ ተደብቆ ወይ ነፍሱን አስይዞ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1853 እስላም መስሎ መካ ገባ። ይህ ሰው ለእኛም ባዳ አይደለም፤ በ1855 መጀመሪያ ላይ ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን የሰነበተው እርሱ ነው። አትግባ የተባለ ከተማ ሁሉ እንቅልፍ ይነሣው ነበር ማለት ነው። ቻርልስ ዳውቲ የሚባለው ደግሞ በ1876 ከደማስቆ ከሐጅ ተጓዦች ጋር ተነሥቶ፥ ክርስቲያንነቱን ሳይደብቅ፥ ሁለት ዓመት ያህል በዓረብ በረሓ ተንከራተተ፤ ተሰደበ፥ ተደበደበ፥ ብዙ ጊዜም የበረሓው ሰው ባበላው እንጀራ ዳነ።

ዛሬ እንዲህ አይደለም። በሩ በሕግ የተከፈተው በሴፕቴምበር 27 ቀን 2019 ነው። በዚያን ቀን መንግሥቱ ለ49 አገሮች ዜጎች የቱሪስት ቪዛ በኢንተርኔት ወይም ከአይሮፕላን ሲወርዱ እሰጣለሁ ብሎ አስታወቀ። የውጭ አገር ሴት ጥቁሩን ዐባያ የመልበስ ግዴታ እንደሌለባትና ጨዋ ልብስ እንደሚበቃ ተነገረ። ከጥቂት ቀን በኋላም የውጭ አገር ወንድና ሴት የጋብቻ ወረቀት ሳይጠየቁ በአንድ የሆቴል ክፍል ለማደር ተፈቀደላቸው። መካ እስላም ላልሆነ ሰው እንደ ተዘጋች ቀረች። የእነዚያን የ49 አገሮች ዝርዝር አንድ በአንድ አንብቤዋለሁ። አውሮፓ ሞልቶበታል፤ አሜሪካና ካናዳ አሉ፤ ጃፓን፥ ቻይና፥ ካዛክስታን አሉ። ከአፍሪቃ አንድም አልነበረበትም። ኋላ ዝርዝሩ እየሰፋ ሲሄድ ጥቂት የአፍሪቃ አገሮች ተጨምረዋል፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ዝርዝር «እንግዳ» ሲባል ማን እንደ ታሰበ በግልጽ ይናገራል።

ለምን ተከፈተ? ምክንያቱ ፍቅር አይደለም፥ ሒሳብ ነው። በ2014 አጋማሽ ላይ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው አንድ በርሜል ነዳጅ በ2016 ጃንዋሪ ከ30 ዶላር በታች ወረደ። ንጉሥ ሰልማን አልጋውን የወረሱት በ2015 ነው፤ ልጃቸው ልዑል መሐመድ ቢን ሰልማን በ2016 ኤፕሪል «ራእይ 2030» የተባለውን ፕላን አወጡ፥ በ2017 ጁን ደግሞ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ፕላኑ የአገሩ ኑሮ በዘይት ብቻ እንዳይንጠለጠል የሚል ነው፤ ከሚተካውም ገቢ አንዱ ቱሪዝም ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከሳዑዲዎች 63 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በታች ነው። ይህ ወጣት ገንዘብ ሲያገኝ ሲኒማ ለማየት ወደ ባሕሬን፥ ለመዝናናት ወደ ዱባይ ይሄድ ነበር። መንግሥቱ ያንን ገንዘብ በአገር ውስጥ ለማስቀረት፥ ወጣቱንም ከጎኑ ለማሰለፍ አሰበ። በ2023 ከ100 ሚሊዮን በላይ የጕብኝት ጉዞ ተደረገ ብለው ሲያስታውቁ፥ ከዚህ ውስጥ ከውጭ የመጣው 27 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር፤ ቀሪው የአገሩ ነዋሪ ራሱ ነው። ስለዚህ ቱሪዝሙ ከፈረንጅ ይልቅ ለገዛ ሕዝባቸው የተዘጋጀ መሆኑን አንርሳ።

አሁን ወደ ፖለቲካው ለውጥ ልመለስ። ከእኛ መካከል ይህን ለውጥ ሁሉ እንደ ቀለም ቅብ ቈጥሮ የሚያላግጥ ሰው አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። በመንገድ ላይ ሰውን በልብሱና በጸሎት ሰዓት ምክንያት ይዞ ያስር የነበረው የሃይማኖት ፖሊስ በ2016 ኤፕሪል የመያዝ ሥልጣኑ ተነሣ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተዘግቶ የኖረው ሲኒማ በ2018 ኤፕሪል በሪያድ ተከፈተ። ሴቶች መኪና እንዲነዱ ከጁን 24 ቀን 2018 ጀምሮ ተፈቀደ። በ2019 ኦገስት ደግሞ ዕድሜዋ 21 ዓመት የሞላት ሴት ያለ ወንድ ሞግዚት ፈቃድ ፓስፖርት እንድታወጣና እንድትጓዝ ታወጀ። በ2017 ሥራ ላይ ወይም በሥራ ፍለጋ ላይ የነበሩት የሳዑዲ ሴቶች ከ20 በመቶ ያነሱ ነበሩ፤ በ2023 ግን 35 በመቶ ያህል ደርሰዋል። ይህን ነገር «የይስሙላ ነው» ብሎ ለመናገር ሴት አለመሆን ወይም እዚያ አለመኖር ይጠይቃል። ጠዋት የአባቷን ወይም የወንድሟን ፊት ሳታይ ወደ ሥራዋ የምትነዳው ሴት ቅብ ቀለም ነው ብትሏት ትስቅባችኋለች።

ነገር ግን እዚህ ላይ ትንሽ መቈየት እፈልጋለሁ፤ የንግግሬ ዋና ነገር ያለው በዚህ ነውና። መኪና የመንዳትን ነገር የጀመረው አልጋ ወራሹ አይደለም። በኖቬምበር 6 ቀን 1990፥ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሊጀመር ሲል፥ 47 ሴቶች በሪያድ ጎዳና መኪና ነዱ። ተያዙ፤ ከመካከላቸው መምህራን የነበሩት ከሥራ ታገዱ፤ ፓስፖርታቸው ተወሰደ፤ በየመስጊዱ ስማቸው ተነሥቶ ተሰደበ። ከ2011 ጀምሮ ሌሎች ሴቶች ነገሩን እንደ ገና አነሡት። ከእነርሱ አንዷ ሉጀይን አልሐዝሉል ናት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሴቶች እንዲነዱ የሚፈቅደው ዐዋጅ ሊፈጸም አንድ ወር ያህል ሲቀረው፥ በ2018 ሜይ፥ ይህችው ሴትና ጓደኞችዋ ታሰሩ። በእስር ቤት እንደ ተደበደበችና በኤሌክትሪክ እንደ ተሠቃየች ቤተ ሰዎችዋ ተናገሩ፤ መንግሥቱ ሐሰት ነው አለ። በ2020 ዲሴምበር አምስት ዓመት ከስምንት ወር ተፈረደባት፤ ከፊሉ ታግዶላት በ2021 ፌብሩዋሪ ስትወጣ ከአገር እንዳትወጣ ተከለከለች። ጥያቄዋ ተፈጸመላት፤ ጠያቂዋ ግን ታሰረች። ይህ የሚጋጭ ይመስላል፤ አይጋጭም። የተሰጠው ነገር ከንጉሥ እጅ የወረደ ስጦታ ሆኖ እንዲታይ ከተፈለገ፥ «ይህ መብታችን ነው» ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው በመንገድ ላይ መገኘት የለበትም። ስጦታ ከሆነ ሰጪው ሲፈልግ ይወስደዋል፤ የተጠየቀና የተመለሰ መብት ከሆነ ግን ነገ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። የፈሩት መኪናውን አይደለም፤ ጥያቄውን ነው።

እኛ ተማሪዎች ስለሆንን ሌላ አንድ ሰው ልጥቀስላችሁ። ሰልማ አልሸሃብ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ዩኒቨርስቲ ለዶክተርነት የምታጠና የሁለት ልጆች እናት ነበረች። በ2021 ለዕረፍት ወደ አገርዋ ገብታ ሳለ ተያዘች። ጥፋትዋ በትዊተር ላይ የታሰሩ ሴቶችን የሚደግፍ ነገር መጻፍዋና የሌሎችን ጽሑፍ ማስተላለፍዋ ነበር። በመጀመሪያ ስድስት ዓመት ተፈረደባት። ይግባኝ ብትል በ2022 ኦገስት ፍርዱ 34 ዓመት ሆነ። ኋላ ወደ 27፥ በመጨረሻም በ2024 ወደ አራት ዓመት ዝቅ ብሎ በ2025 ፌብሩዋሪ ተፈታለች። ይግባኝ ብሎ ከስድስት ወደ 34 መውጣትን በሕግ ፋኩልቲ ያላችሁ ወንድሞች ብታስረዱን ደስ ይለኛል። በዚያው ዓመት፥ በ2022፥ በማርች ወር በአንድ ቀን 81 ሰዎች በሞት ተቀጡ። በ2018 ኦክቶበር ጋዜጠኛው ጀማል ኻሾግጂ በኢስታንቡል በገዛ አገሩ ቆንስላ ውስጥ ተገደለ። ይህ ሁሉ የሆነው በሩ በሚከፈትበት ዘመን ነው፤ ከመከፈቱ በፊት በነበረው በአሮጌው ዘመን አይደለም። በ2017 ኖቬምበር በሪያድ ከሁሉ የሚበልጠው ሆቴል እንግዶቹን አስወጥቶ የመሳፍንትና የባለጠጎች እስር ቤት ሆኖ ነበር፤ በ2018 ፌብሩዋሪ ለእንግዳ ተመልሶ ተከፈተ። አልጋው፥ ምንጣፉ፥ አስተናጋጁ ያው ነው። ዛሬ እዚያ የሚያድር ጐብኚ ቍርሱን ሲበላ ይህን የሚነግረው የለም።

ጐብኚው ታዲያ ምን ያያል? ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስዱት ወደ ዓልዑላ ነው። በዚያ አጠገብ ሒጅር ወይም መዳይን ሳሊሕ የሚባለው ቦታ አለ። ናባጣውያን የሚባሉት፥ በዮርዳኖስ ፔትራን የሠሩት ነጋዴዎች፥ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ከቀይ ድንጋይ እየፈለፈሉ 111 ታላላቅ መቃብሮችን ሠሩ። ከእነዚህ 94ቱ በፊታቸው ላይ የተቀረጸ ጌጥ አላቸው። ላሊበላን ያየ ሰው ድንጋይ መፍለፍል ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ ያውቃልና ፎቶግራፋቸውን ስመለከት ባዕድ አልሆኑብኝም። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ በደጃፋቸው ላይ የተጻፈው ነው። ጽሑፉ እንደ ቤት ውል ያለ ነው፤ መቃብሩ የእገሌ ነው፥ በዚህ ውስጥ የሚቀበሩት እነ እገሌ ናቸው፥ ሌላ ሰው ያስገባ ይህን ያህል ይቀጣል ይላል። ከባለ መቃብሮቹም አንዳንዶቹ ሴቶች ናቸው፤ በስማቸው ውል ያላቸው።

ይህን ቦታ ብዙ ሳዑዲዎች ሲሸሹት ኖረዋል። በቍርኣን የተነገረው፥ ነቢዩን ሳሊሕን አልሰማ ብሎ የጠፋው የሠሙድ ሕዝብ አገር ነው ስለሚባል፥ የተረገመ ቦታ ነው ብለው በፍጥነት ያልፉት ነበር። ዩኔስኮ በ2008 ከሳዑዲ ዓረቢያ ቅርሶች የመጀመሪያው አድርጎ መዝግቦታል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ብዙ ዓመት ጭር ብሎ ኖሯል። ዛሬ ግን ንጉሣዊ ኮሚሲዮን ተቋቁሞለት፥ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ውል ተፈርሞለት፥ የአገሩ ኩራት ሆኗል። ይህ ለውጥ ተራ የቱሪዝም ሥራ አይደለም፤ መንግሥቱ «እኔ ማን ነኝ» ብሎ ለሚጠይቀው የሚሰጠው መልስ መለወጥ ነው። ሌላ ምስክር ልጨምር። የሳዑድ ቤት ታሪክ ሲነገር መነሻው ሁልጊዜ 1744 ነበር፤ ይኸውም መሐመድ ቢን ሳዑድ በዲርዒያ ከሼኽ መሐመድ ኢብን ዐብዱልወሃብ ጋር የተማማለበት፥ ሰይፍና ሃይማኖት የተጣመሩበት ዓመት ነው። በ2022 ግን በንጉሥ ዐዋጅ ፌብሩዋሪ 22 «የምሥረታ ቀን» ሆኖ እንዲከበር ታዘዘ፤ መነሻውም 1727 ሆነ፤ መሐመድ ቢን ሳዑድ ዲርዒያን መግዛት የጀመረበት። ዐሥራ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተሄደና ሼኹ ከታሪኩ መጀመሪያ ወጡ። አንድም ጥይት ሳይተኰስ፥ አንድም ክርክር ሳይደረግ፥ በቀን መቍጠሪያ ብቻ የተፈጸመ ለውጥ ነው። ወደ ዲርዒያ የሚሄደው ጐብኚ የሚያየው የታደሰውን የጭቃ ግንብና ምግብ ቤቱን ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን በዚያ ቦታ ከሁሉ የሚበልጠው የሚታይ ነገር ይህ የቀን ለውጥ ነው።

ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ፥ በቀይ ባሕር ዳር፥ ኒዮም የሚባለው አዲስ ከተማ አለ። በ2017 ኦክቶበር ታወጀ፤ በ2021 ደግሞ በውስጡ 170 ኪሎ ሜትር የሚረዝም እንደ ገመድ የተዘረጋ ከተማ ይሠራል ተባለ። በሥዕሉ ላይ ቦታው ባዶ በረሓ ነው። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ የሑወይጣት ጎሣ ሰዎች ይኖሩበት ነበር። ከቤቴ አልወጣም ብሎ ራሱን በቪዲዮ እየቀረጸ የተናገረ አንድ ሰው በ2020 ኤፕሪል በጸጥታ ኀይሎች ተገደለ፤ መንግሥቱ ሰውየው ተኩሶብን ነው አለ። «ባዶ መሬት» የሚለውን ቃል ስትሰሙ እንድትጠረጥሩ እመክራለሁ፤ በእኛም አገር ቃሉ አይታወቅም አይባልም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ጐብኚውና ስለ ዜጋው ነው። በ2022ቱ ቈጠራ በአገሩ ከሚኖረው 32 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ 13 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ያህሉ ሳዑዲ አይደለም። ይህ ሕዝብ ቱሪስት አይደለም፤ ሐጅ አድራጊም አይደለም። የሆቴሉን አልጋ የሚያነጥፈው፥ መንገዱን የሚያነጥፈው፥ ሕፃኑን የሚያሳድገው እርሱ ነው። እርሱ የሚገባበት በር ካፋላ ይባላል፤ ሠራተኛው በአንድ አሠሪ ስም የሚታሰርበት ሥርዓት ነው። በ2021 ማርች ሥርዓቱ ተሻሽሎ አንዳንድ ሠራተኞች ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲለውጡና ከአገር እንዲወጡ ተፈቀደ። የቤት ሠራተኞች፥ የቤት ሹፌሮች፥ አትክልተኞችና እረኞች ግን በማሻሻያው አልገቡም። እኛ አብዝተን የምንልከው ደግሞ የቤት ሠራተኛና እረኛ ነው።

በሰፈራችን አንዲት እኅት አለች፤ ስሟን አልጠራም። በሪያድ በአንድ ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሪያድ እንዴት ያለ ከተማ ነው ብዬ ብጠይቃት፥ «ከመኪና መስኮት ያየሁት ጥሩ ነው፥ ከሰገነቱ ላይ ልብስ ሳሰጣ ያየሁትም ጥሩ ነው» አለችኝ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደለም? ሴቶች መኪና እንዲነዱ መፈቀዱን የሰማችው ከዜና አይደለም፤ የእመቤቷ ልጅ አንድ ቀን ራሷ እየነዳች ገበያ ስለ ወሰደቻት ነው። «ደስ አለኝ» አለችኝ፤ «ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ተሰናበተ፤ እርሱ የሚያጥበውን መኪና ለኔ ጨመሩልኝ።» በመጨረሻ የአምስት ወር ደመወዝ ሳይከፈላት መጣች። ይህን ስትነግረኝ በቁጣ አልነበረም፤ ስለ አየር ጠባይ እንደምትናገር ነበር። እኔ ግን ስለ ራእይ 2030 ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ ያች ስለ መኪና እጥበት የተናገረቻት ነገር ብዙ አስተማረችኝ።

ቍጥሩንም ማወቅ ይገባናል። በ2013 ኖቬምበር የተጀመረው ዘመቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ መለሰ። ከ2017 ሜይ እስከ 2019 ማርች ደግሞ፥ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እንደ ቈጠረው፥ 260,000 ያህል ተመለሱ። ይህን የመጨረሻውን ቀን ልብ አድርጉ። ይህ ቈጠራ ካበቃበት ከስድስት ወር በኋላ ለ49ኙ አገሮች በሩ ተከፈተ።

በአይሮፕላን የማይሄደው ወገናችን መንገዱ ሌላ ነው። ከወሎ፥ ከትግራይ፥ ከሐረርጌ፥ ከአርሲ ተነሥቶ በእግሩ በአፋር በረሓ ወደ ጅቡቲ፥ ወደ ኦቦክ ይወርዳል። ከዚያ በጀልባ ባብ ኤል ማንደብን ተሻግሮ በጦርነት ላይ ያለችውን የመንን አቋርጦ በሰዓዳ በኩል ወደ ጂዛን ተራራ ይወጣል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 ኦገስት ባወጣው ጽሑፍ፥ ከ2022 ማርች እስከ 2023 ጁን ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በዚያ ተራራ ላይ በከባድ መሣሪያና በቅርብ ተኩስ በመቶ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደ ገደሉ ገለጸ። ከሞቱት ሴቶችና ልጆች ይገኙባቸዋል። የሳዑዲ መንግሥት መሠረት የሌለው ነው ብሎ ካደ። አንድ አገር፥ አንድ ዓመት ነው፤ በአንዱ በር በስልክ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ቪዛ፥ በሌላው በር ሞርታር። በ615 ዓ.ም. ገደማ ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ ተከታዮች ይህንኑ ባሕር ወደ እኛ ተሻግረው ነበር፤ የአክሱም ንጉሥም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ይህን የማነሣው ለመመጻደቅ አይደለም። በባሕሩ በሁለቱም ዳር የሚኖር እስላም ሁሉ በልጅነቱ የተማረው ታሪክ ስለሆነ፥ ያን ተራራ የሚጠብቀው ወታደርም ያውቀዋል ብዬ ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ አንዱ ተነሥቶ፥ «እንግዲያውስ ማንም ወደዚያ አገር ለጕብኝት አይሂድ ልትለን ነው ወይ?» ይለኝ ይሆናል። አልልም። በመጀመሪያ ነገር፥ እኛም ብንሆን እንግዳ ስንጠራ ቤታችን ሁሉ የጠራ አልነበረም። በ1960ዎቹ አገራችን «የ13 ወር ፀሐይ» በሚል ቃል ራስዋን ለዓለም ታስተዋውቅ ጀመር። ቃሉ ጥሩ ነበር፤ ሥዕሎቹም ያማሩ ነበሩ። በ1973 ግን ወሎ በረኃብ ሲያልቅ ያ ፀሐይ በሥዕሉ ላይ እንደ ደመቀ ነበር፤ ረኃቡም እንዳይነገር ይሸፈን ነበር። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርስቲው መምህራንና ተማሪዎች ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ ለሕዝብ ለማሳየት ደፈሩ። ስለዚህ ማስታወቂያና ረኃብ በአንድ አገር አብረው እንደሚኖሩ ከሳዑዲዎች መማር አያስፈልገንም።

ሁለተኛ፥ የተዘጋ አገር ከተከፈተ አገር ይሻላል የሚል ሰው ካለ አስረጂውን ያምጣ። በ1990 መኪና የነዱትን 47 ሴቶች ማን አያቸው? ጐብኚ ባለበት ከተማ እስረኛ ቢያንስ ጠያቂ ያገኛል። እኔ የማልቀበለው ጐብኚው የሚመለስበትን አኳኋን ነው። አንድ ሳምንት ሰንብቶ፥ መቃብሮቹን አይቶ፥ በግ በሩዝ በልቶ፥ «ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው፥ የሚባለው ሁሉ ሐሰት ነው» እያለ የሚጽፈውን ነው። የሕዝቡ እንግዳ ተቀባይነት እውነት ነው፤ ዳውቲንም ያዳነው እርሱ ነው። ነገር ግን ሕዝብ እንግዳን መቀበሉ ስለ መንግሥት አገዛዝ ምንም አይመሰክርም። በ2034 የዓለም የእግር ኳስ ዋንጫ በዚያ እንዲደረግ በ2024 ዲሴምበር ተወስኗል። ከአሁን እስከዚያ ድረስ ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ ብዙ ስለምናነብ ከወዲሁ እንወቀው።

በበኩላችንም የሚጠየቅ አለ። መንግሥታችን በ2013 ኦክቶበር ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን ከለከለ፤ ክልከላው እስከ 2018 ቈየ። ሕጋዊው በር ሲዘጋ ሰው መሄዱን አልተወም፤ በኦቦክ በኩል ሄደ። ይህን ስንናገር በሌላው አገር ላይ ብቻ ጣታችንን ቀስረን ልንቀር አንችልም።

አሁን ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። በዚህ አዳራሽ ስለ ዓረብ አገር ሊናገር የተጠራሁት እዚያ ያልረገጥሁት እኔ ነኝ። በየሰፈራችን ግን ስድስትና ስምንት ዓመት የኖሩ፥ ቋንቋውን እንደ ባለ አገሩ የሚናገሩ፥ ቤቱን ከጓዳው በኩል የሚያውቁ እኅቶች ሞልተዋል። ጉዞ ማለት አገርን ማወቅ ከሆነ ተጓዦቹ እነርሱ ናቸው። የውይይት ክፍሉ በሚመጣው ወር ከእነርሱ ሦስት ወይም አራት ጠርቶ እንዲያናግረን፥ ፈቃዳቸው ከሆነም ቃላቸው ስማቸው ሳይጠራ በዚህ ጋዜጣ እንዲታተም እጠይቃለሁ። ደግሞም ዓረብኛ የምትችሉ ተማሪዎች በክረምቱ ዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትመለሱ፥ ሊሄዱ ለተዘጋጁት ልጆች የሥራ ውሉን አንብባችሁ እንድታስረዱ፥ የፓስፖርታቸውንና የውሉን ፎቶግራፍ በሌላ ሰው ዘንድ እንዲያስቀምጡ፥ የቆንስላውን ስልክ በቃላቸው እንዲይዙ እንድትነግሩ እለምናለሁ። በአንድ ገጽ የሚያልቅ ጽሑፍ በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በትግርኛ አዘጋጅቶ በማኅበሩ መኪና ማባዛት ይቻላል፤ ወረቀቱን እኔና ሁለት ጓደኞቼ ለመግዛት ተስማምተናል። ስማችሁን የምትሰጡ ካላችሁ ዝርዝሩ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።

ሊቀ መንበሩ ለጥያቄ ሃያ ደቂቃ ተፈቅዷል ስላሉ እዚህ ላይ አቆማለሁ።